የዝምታ ዋጋ፦ የስልክ ድምፅ በገመድ አልባ ብሮድባንድ



በገመድ አልባ ብሮድባንድ የሚተላለፍ የስልክ ጥሪን ጥራት መጠበቅ እንደ አዲስ ጥያቄ ሲነሣ እሰማለሁ። እኔ ግን ጥያቄው የቆየ ነው እላለሁ፤ ይኸውም፦ ተናጋሪው ዝም ሲል መስመሩ የማን ነው?

በቀድሞው ስልክ መልሱ ግልጽ ነበር፤ ጥሪው እስኪያበቃ ድረስ መስመሩ የተነጋጋሪዎቹ ብቻ ነው። ነገር ግን አንዱ ሲናገር ሌላው ስለሚያዳምጥ፣ የመስመሩ ግማሽ ያህል ሥራ ይፈታል። እ.ኤ.አ. በ1956 አገልግሎት የጀመረው የመጀመሪያው የአትላንቲክ የስልክ ገመድ 36 ያህል መስመሮች ብቻ ስለነበሩት፣ መሐንዲሶች በ1960 ታሲ የተባለውን ዘዴ ሥራ ላይ አዋሉ። ዘዴው ዝም ካለው ሰው ወስዶ ለሚናገረው ይሰጣል። አቅሙ በእጥፍ ገደማ አደገ፤ ሆኖም ዝም ያለው እንደገና ሲናገር ነጻ መስመር ከታጣ የቃሉ መጀመሪያ ይቆረጥ ነበር።

ይኸው ሙግት በዋይማክስ ተደገመ። የ2004ቱ የ802.16 ደረጃ ለድምፅ ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው የማስተላለፊያ ተራን በቋሚነት ይመድባል፤ አያዘገይም፣ በዝምታ ጊዜ ግን ተራው ይባክናል። ሁለተኛው ተጠቃሚው የሚልከው እንዳለ በየጊዜው እየጠየቀ ይመድባል፤ ብክነትን ይቀንሳል፣ ጥያቄና መልሱ ግን ጊዜ ይወስዳል። በ2005 የጸደቀው ማሻሻያ ሁለቱን አስታረቀ፤ ተራው ሳይጠየቅ ይመጣል፣ መጠኑ ግን እንደ ንግግሩ ይሰፋል፣ ይጠባል።

በ2012 በደቡብ ኮሪያና በአሜሪካ ለደንበኞች የቀረበው በኤልቲኢ የሚተላለፍ ጥሪም ይህንኑ መንገድ ተከተለ። ደረጃው ለድምፅ የተረጋገጠ ፍጥነት፣ የ100 ሚሊሰከንድ የመዘግየት ወሰንና እስከ 1 በመቶ የሚደርስ የፓኬት መጥፋት ይፈቅዳል።

ከዚህ ታሪክ የምረዳው አንድ ነገር ነው። ከዝምታ የሚቆጠበው አቅም ዋጋ የሚያስከፍለው ንግግር እንደገና በሚጀምርበት ቅጽበት ነው። በጥሪው ሁሉ ላይ የተሰላ አማካይ ቁጥር ደግሞ ያን ቅጽበት ይሸፍነዋል። ለቋንቋችን ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ አሉታችን በቃል መነሻ ላይ ይቆማልና። ሐኪም ስለ አንድ መድኃኒት በስልክ ተጠይቆ «አይሰጠው» ሲል የመጀመሪያዋ ድምፅ ብትቆረጥ፣ ነርሷ የምትሰማው «ይሰጠው» የሚለውን ነው። ስለዚህ ጥራትን ስትለኩ፣ መጨናነቅ በበዛበት ሰዓት ከዝምታ በኋላ የሚመጡትን የመጀመሪያዎቹን ፓኬቶች ለይታችሁ ለኩ።