ከመግነጢሳዊው ወገብ ሥር፦ የኢትዮጵያ ሰማይ፣ የራዲዮ ሞገድና የአንቴና ምርምር

የምድር መግነጢሳዊ መስክ ከመሬት ወለል ጋር ትይዩ ሆኖ የሚያልፍበት መስመር መግነጢሳዊ የምድር ወገብ ይባላል። ካርታ ላይ ከምናውቀው የምድር ወገብ ጋር አይገጥምም፤ በምሥራቅ አፍሪካ ወደ ሰሜን ፈንጠር ብሎ ከ9 እስከ 10 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ግድም ኢትዮጵያን አቋርጦ ያልፋል። ለንደን ላይ ከመካከሉ በነፃ የተንጠለጠለ የማግኔት መርፌ ወደ መሬት ይደፋል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን አግድም ሊሆን ምንም ያህል አይቀረውም። ከራሳችን በላይ ያለው አዮኖስፌር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈውና የራዲዮ ሞገድን የሚመልሰው የአየር ንብርብር፣ በዚህ የተነሳ የራሱ ጠባይ አለው። የራዲዮና የአንቴና ትምህርታችን ደግሞ በአብዛኛው የተቀዳው መርፌው በሚደፋባቸው አገሮች ከተጻፉ መጻሕፍት ነው። ይህ መጣጥፍ የሚከራከረው በዘርፉ የአገራችን ተመራማሪ ቀዳሚ ሥራ ሊሆን የሚገባው ይህን ልዩነት በልኬት ማጥናት ነው ብሎ ነው።

የአዮኖስፌር ጥናት መነሻ የታወቀ ነው። ማርኮኒ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1901 ከኮርንዎል የተላከ ምልክት አትላንቲክን ተሻግሮ ኒውፋውንድላንድ ላይ ተቀበልኩ ሲል፣ ቀጥ ብሎ የሚጓዝ ሞገድ የምድርን ጉብታ እንዴት እንዳለፈ ማንም ማስረዳት አልቻለም ነበር። በዓመቱ ኬኔሊና ሄቪሳይድ በየፊናቸው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ የአየር ንብርብር አለ ብለው ገመቱ፤ አፕልተን በ1924 በልኬት አረጋገጠ፤ በ1947ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። የፀሐይ ጨረር ከአተሞች የሚነጥላቸው ኤሌክትሮኖች ሞገዱን አጥፈው ይመልሱታል። በአንድ ሜትር ኩብ አንድ ትሪሊዮን ኤሌክትሮን ካለ፣ ቀጥ ብሎ የወጣ ሞገድ እስከ 9 ሜጋኸርዝ ድረስ ይመለሳል፤ ከዚያ በላይ የሆነው ሰንጥቆ ወደ ኅዋ ይሄዳል። የኤሌክትሮኑ ጥግግት አራት እጥፍ ቢያድግ ይህ ወሰን የሚያድገው ሁለት እጥፍ ብቻ ነው። በሰያፍ የገባ ሞገድ ግን ከወሰኑ እጅግ ከፍ ያለም ቢሆን ይመለሳል። የዶቼ ቬለን ወይም የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ሥርጭት በአጭር ሞገድ ሲከታተል የኖረ አድማጭ ቀን በ19 ሜትር ባንድ የጠራው ጣቢያ ሲመሽ ወደ 31 ሜትር የሚወርደው ለምን እንደሆነ ሳይማር ያውቀዋል።

እስከዚህ ድረስ የትም አገር ያው ነው። ልዩነቱ የሚጀምረው መስኩ አግድም በሚሆንበት ላይ ነው። ፔሩ ውስጥ ሁዋንካዮ ላይ በ1922 ሥራ የጀመረው የማግኔት መመልከቻ ጣቢያ፣ የመስኩ አግድም ክፍል እኩለ ቀን ላይ ሌላ ቦታ ከሚታየው እጅግ በሚበልጥ መጠን እንደሚያብጥ አስመዘገበ። ምክንያቱ 105 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ የኤሌክትሪክ ጅረት ነው፤ ከመግነጢሳዊው ወገብ በሰሜንም በደቡብም ከ3 ዲግሪ ብዙም አይርቅም። አዲስ አበባም ይህን ለመለካት ብዙ አልዘገየችም። ለዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ ማለትም ለ1957–58፣ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዋን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ አቋቋሙ። ጣቢያው ዛሬም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር አለ። የጅረቱን ጉልበት ለማወቅ አንድ ማግኔቶሜትር አይበቃም። አንዱ ከጅረቱ ሥር፣ ሌላው ከጅረቱ ውጭ ሆኖ የሁለቱ ንባብ መቀናነስ አለበት፤ የጋራ የሆነው የኅዋ ተጽዕኖ ተጣፍቶ የጅረቱ ድርሻ ብቻ ይቀራል። የአዲስ አበባና የአዲግራት ማግኔቶሜትሮች ጥንድ ሆነው ያገለገሉት ለዚሁ ነው።

ያንኑ ጅረት የሚገፋው የኤሌክትሪክ መስክ ቀን ቀን ፕላዝማውን፣ ማለትም ኤሌክትሮኖቹ የተነጠሉበትን አየር፣ ወደ ላይ ያነሳዋል፤ ወደ ላይ የወጣው ደግሞ የመግነጢሳዊ መስክ መስመሮችን ተከትሎ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይንሸራተታል። ስለዚህ ፀሐይ አናት ላይ በምትሆንበት በመግነጢሳዊው ወገብ ላይ ኤሌክትሮኑ ይሳሳል፤ የሚከማቸው በግራና በቀኝ 15 ዲግሪ ገደማ ራቅ ብሎ ነው፤ በእኛ አቅጣጫ ወደ አስዋንና ወደ ዶዶማ ሰማይ መሆኑ ነው። አፕልተን ይህን በ1946 አሳተመ። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ የሚተላለፍ የአጭር ሞገድ ግንኙነት የሚያቅድ መሐንዲስ፣ ጥግግቱ በመንገዱ ላይ እኩል ነው ብሎ ካሰላ ስሌቱ ከመነሻው ተበላሽቷል።

ፀሐይ ስትጠልቅ የባሰ ይመጣል። ከታች ያለው ንብርብር ቶሎ ይሳሳል፤ የወፈረው ከላይ ይቀራል፤ ከውኃ ሥር የተቀመጠ ዘይት እንደማይረጋ ሁሉ ይህም አይረጋም። ስስ የፕላዝማ አረፋዎች ተፈጥረው ወደ ላይ ይመነጠቃሉ፤ አንዳንዴም ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይደርሳሉ። በአፍሪካ ሰማይ በተለይ በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ ከምሽት እስከ እኩለ ሌሊት ይበዛሉ። በእነዚህ ውስጥ የሚያልፍ የሳተላይት ምልክት ይርገበገባል፤ ክፉ በሆነ ምሽት ጉልበቱ ወደ መቶኛው ይወርዳል። አረፋው የሚወለደው በእኛ አናት ላይ ሆኖ ሳለ፣ መርገብገቡ የሚከፋው ግን ኤሌክትሮኑ በተከማቸባቸው በአስዋንና በዶዶማ አቅጣጫ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ከአዲስ አበባ መረጃ ብቻ ተነስቶ አደጋውን አቅልሎ ይገምታል። መርገብገብ ባይኖርም እንኳ መዘግየት አለ፤ በአንድ ካሬ ሜትር ዓምድ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ 10,000 ትሪሊዮን ኤሌክትሮን በዋናው የጂፒኤስ ድግግሞሽ ላይ የ16 ሴንቲ ሜትር ስሕተት ያስከትላል፤ መቶ እጥፉ፣ ማለትም 16 ሜትር፣ በእኛ አካባቢ ፀሐይ በምትጋጋልባቸው ዓመታት እንግዳ ነገር አይደለም። በአንድ ድግግሞሽ ብቻ በሚሠራ መሣሪያ የመሬት ይዞታ የሚለካ ቀያሽ ይህን ሊያውቅ ይገባዋል።

እኔ ግን ከሁሉ ይበልጥ የሚያጓጓኝ የአንቴናው ጥያቄ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ ዓባይ በረሃ ግርጌ የደረሰ ተሽከርካሪ ቀጥታ እይታ የሚፈልጉ ራዲዮዎቹ ሁሉ በገደሉ ይጋረዱበታል። መፍትሔው ሞገዱን ሽቅብ ተኩሶ ከአዮኖስፌር ማስመለስ ነው። በ7 ሜጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 43 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ 20 ሜትር የሚያህል ሽቦ 8 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በአግድም ቢወጠር አብዛኛውን ጉልበቱን ወደ አናት ይልካል፤ ምላሹም በዙሪያው 300 ኪሎ ሜትር ያህል ገደል ሳይገድበው ይወርዳል። ሽቦው በየትኛው አቅጣጫ ይወጠር? አውሮፓ ላይ ጥያቄው እምብዛም አያስጨንቅም፤ ሞገዱ ወደ መግነጢሳዊው መስክ አቅጣጫ ተጠግቶ ስለሚወጣ በክብ ወደሚዞሩ ሁለት ሞገዶች ይከፈላል፤ ሽቦው ወዴትም ቢዞር ጉልበቱ እኩል ለሁለት ይካፈላል። እዚህ ግን ሞገዱ መስኩን በ90 ዲግሪ ማዕዘን ያቋርጣል፤ ሁለቱም ሞገዶች በቀጥታ መስመር የሚወዛወዙ ናቸው፤ አንዱ የሰሜን–ደቡብ፣ ሌላው የምሥራቅ–ምዕራብ። ሰሜን–ደቡብ የተወጠረ ሽቦ ጉልበቱን በሙሉ ለመጀመሪያው ይሰጣል፤ ይህም ሞገድ ቀን ቀን በታችኛው ንብርብር ውስጥ ብዙም አይመጠጥም። ምሥራቅ–ምዕራብ ከተወጠረው የሚወጣው ሞገድ ይመጠጣል፤ ሆኖም በግማሽ ሜጋኸርዝ ያህል ከፍ ያለ ድግግሞሽ ላይ እንኳ ስለሚመለስ፣ ኤሌክትሮኑ እጅግ በሚሳሳበት ንጋት ላይ ግንኙነቱን ሊያድን ይችላል። የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ባለሙያዎች በ1960ዎቹ ታይላንድ ውስጥ፣ እሷም ከመግነጢሳዊው ወገብ አጠገብ ናትና፣ ለቅርብ ርቀት ግንኙነት የሽቦ አቅጣጫ ለውጥ እንደሚያመጣ አሳይተዋል። ሁለቱ ሞገዶች ሳይደባለቁ በአንድ ድግግሞሽ ሁለት መልእክት መሸከም መቻላቸው ደግሞ ገና ብዙ የሚሠራበት ጉዳይ ነው።

በአንቴና ላይ የሚሠሩ የመመረቂያ ጥናቶቻችን በኮምፒውተር ተነድፈው በኮምፒውተር የሚፈተኑ ትንንሽ የታተሙ አንቴናዎች ላይ ከልክ በላይ ያተኮሩ ይመስለኛል። ያንን ማንም፣ የትም ተቀምጦ ይሠራዋል። ከመግነጢሳዊው ወገብ ሥር ካሉት የዓለም ክፍሎች ሰፊውን የብስ የያዘችው አፍሪካ ናት፤ የመሬት ላይ መሣሪያ ግን ከፔሩና ከሕንድ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ ዓለም የሚጠቀምባቸው የአዮኖስፌር ሞዴሎችም ይህን ክፍተት የሚሞሉት በግምት ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2012 የአሜሪካ ጂኦፊዚክስ ኅብረት የቻፕማን ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ የተካሄደው የኅዋ አየር ጠባይ በኬንትሮስ ለምን እንደሚለያይ ለመመርመር ነበር፤ ጥያቄው አሁንም አልተዘጋም።

ስለዚህ የምህንድስናና የፊዚክስ ትምህርት ክፍሎቻችን ውድ ራዳር እስኪመጣ አይጠብቁ። በየግቢያቸው ሁለት የሽቦ አንቴናዎች፣ አንዱን ሰሜን–ደቡብ፣ ሌላውን ምሥራቅ–ምዕራብ ወጥረው፣ በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቀበያ አያይዘው፣ ሁለቱን የመጋቢትና የመስከረም ወቅቶች የሚያካትት የአንድ ዓመት ልኬት ይመዝግቡ፤ መዝገቡንም ለሁሉም ክፍት ያድርጉት።