አል-ኪንዲ፦ የሽቶን ሙያ ለተማሪ በጽሑፍ ያቆዩ ሊቅ

አቡ ዩሱፍ ያዕቁብ ኢብን ኢስሓቅ አል-ኪንዲ በ9ኛው ክፍለ ዘመን በኢራቅ የኖሩ ሙስሊም ሊቅ ናቸው። ብዙዎች የሚያውቋቸው «የዐረቦች ፈላስፋ» በሚለው ማዕረጋቸው ነው። በሒሳብ፣ በሕክምና እና በሥነ ፈለክ ብዙ ጽፈዋል። ከሥራዎቻቸው እምብዛም የማይነሳው ግን ስለ ሽቶ አሠራር በስማቸው የሚታወቀው መጽሐፍ ነው።

ሕይወታቸው

አል-ኪንዲ በ801 አካባቢ ተወለዱ። የዘር ሐረጋቸው ከታወቀው የኪንዳ ጎሳ ሲሆን አባታቸው የኩፋ ከተማ አስተዳዳሪ ነበሩ። በባግዳድ ከተማሩ በኋላ በኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን (813–833) የግሪክ መጻሕፍት ወደ ዐረብኛ በሚመለሱበት ሥራ ውስጥ ትልቅ ቦታ ያዙ። ቀጣዩ ኸሊፋ አል-ሙዕተሲም ልጃቸውን አሕመድን እንዲያስተምሩላቸው መረጧቸው። በአል-ሙተወኪል ዘመን ግን ፈተና ገጠማቸው፤ በተቀናቃኞች ሴራ ተደብድበው መጻሕፍታቸው እንደተወረሱባቸውና ኋላ እንደተመለሱላቸው የታሪክ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። በ873 አካባቢ ባግዳድ ውስጥ አረፉ።

የሽቶው መጽሐፍ

መጽሐፉ በዐረብኛ «ኪታብ ኪሚያእ አል-ዒጥር ወት-ተስዒዳት» ይባላል። «ተስዒድ» ወደ ላይ ማውጣት ማለት ሲሆን እዚህ በእንፋሎት ማንጠርን ያመለክታል። ቅመሙ በዕቃ ሆኖ ይሞቃል፤ እንፋሎቱ ወደ ላይኛው ክዳን ይወጣል፤ እዚያ ሲቀዘቅዝ ጠብታ ሆኖ በአፈሙዙ በኩል ወደ ሌላ ዕቃ ይወርዳል። የጽጌረዳ ውሃ የሚወጣውም በዚሁ መንገድ ነው።

በመጽሐፉ 107 የቅመራ አሠራሮች ተመዝግበዋል። ሚስክ፣ አንበር፣ ካፉር፣ ዘዕፈራንና ኡድ ዋነኞቹ ግብዓቶች ናቸው። ሚስክና አንበር በዘይት ተዋሕደው የሚዘጋጁበት «ጋሊያ» የተባለው ውድ ሽቶም ይገኝበታል። አሠራሮቹ የግብዓቱን መጠንና የሥራውን ቅደም ተከተል ይናገራሉ። ሽቶ ቀማሚ ልኩን በአፍንጫውና በልምዱ ብቻ ይዞ ለልጁ በሚያወርስበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ መጽሐፉን ያገኘ ሰው ሁሉ ሥራውን መሞከር ይችላል።

ማስመሰልና ማጭበርበር

መጽሐፉ ሚስክን፣ አንበርንና ካፉርን አስመስሎ መሥራትንም ያስተምራል። እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ ማሰቡ አይቀርም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እርጥቡን እህል ከሥር ደብቆ ደረቁን ከላይ አድርጎ የሚሸጠውን ነጋዴ አውግዘዋል። ርካሽ ምትክ ምትክነቱ ተነግሮ ቢሸጥ ውዱን መግዛት ለማይችል ሰው ይጠቅማል፤ እውነተኛ ሚስክ ነው ተብሎ ከተሸጠ ግን ማታለል ነው። አስመስሎ የሚሠራበትን መንገድ ያወቀ ገዢ ደግሞ በቀላሉ አይሸወድም። ዕውቀቱ አንድ ሆኖ ሳለ ሐላልና ሐራሙን የሚለየው የሻጩ አማና ነው።

መምህርነታቸው

አል-ኪንዲ ከልዑሉ ሌላም ተማሪዎች ነበሯቸው። አሕመድ ኢብን አጥ-ጠይብ አስ-ሰረኽሲ ከእሳቸው ተምረው ኋላ ኸሊፋ የሆኑትን አል-ሙዕተዲድን አስተምረዋል።

ከሁሉ የሚያስገርመው ኢብን አን-ነዲም ስለ አቡ መዕሸር አል-በልኺ የዘገቡት ነው። አቡ መዕሸር በፍልስፍናቸው ምክንያት አል-ኪንዲን ይጠሉ፣ ሕዝቡንም ያነሳሱባቸው ነበር። አል-ኪንዲ ክፉን በክፉ አልመለሱም፤ ሰው ልከው ሒሳብና ጂኦሜትሪ እንዲወዱ አደረጓቸው። አቡ መዕሸር በትምህርቱ እስከ መጨረሻው ባይገፉበትና ፊታቸውን ወደ ኮከብ ቆጠራ ቢያዞሩም ጠላትነቱ ግን በዚያው ቀረ። ትምህርቱን ሲጀምሩ 47 ዓመታቸው እንደነበር ይነገራል።

ዛሬ

የመጽሐፉ የእጅ ጽሑፍ ኢስታንቡል ውስጥ ተጠብቆ ቆይቷል። በ1948 ካርል ጋርበርስ የተባሉ ምሁር ከጀርመንኛ ትርጉም ጋር ላይፕዚግ ላይ አሳትመውታል።

በቡኻሪና በሙስሊም ዘገባ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መልካም ጓደኛን በሚስክ ሻጭ መስለውታል፤ ወይ ይሰጥሃል፣ ወይ ትገዛዋለህ፣ ካልሆነም መልካም ሽታ አግኝተህ ትለየዋለህ። መልካም መምህርም እንደዚሁ ነው። ሚስኩ ያልቃል፤ አሠራሩ በጽሑፍ ከቀረ ግን ከሺህ ዓመት በኋላም ለሚማር ይደርሳል። ዛሬ ሙያ ያለን ሁሉ ዕውቀታችንን ለማን እያስተላለፍን እንደሆነ ራሳችንን ብንጠይቅ መልካም ነው።