የማይሸጎጥ ሽጉጥ

እናቴ ገንዘብ «አስቀመጥኩ» አትልም ነበር። ከኪራሙ ገበያ ቅቤዋን ሸጣ ስትመለስ ብሩን ደጋግማ ታጥፍና መቀነቷ ውስጥ ትሸጉጠዋለች፤ ስንጠይቃትም መልሷ «ሸጉጬዋለሁ» ነው። መርፌ ከግድግዳው ስንጥቅ ይሸጎጣል። ደብዳቤ ከዳዊቱ ገጾች መካከል ይሸጎጣል። ልጅም እንግዳ ሲያፍር ከእናቱ ቀሚስ ሥር ይሸጎጣል። አንድ የሠርግ ቀን ታዲያ አንድ ሽማግሌ ለመቀመጥ ጎንበስ ሲሉ ጋቢያቸው ተገለጠና ከቀበቷቸው ላይ ጥቁር እጀታ ብቅ አለ። አጠገቤ የነበረው ልጅ በጆሮዬ «ሽጉጥ!» አለኝ። ቃሉን ያን ጊዜ የሰማሁት እንደ ዕቃ ስም አልነበረም፤ «የተሸጎጠ ነገር» ያለኝ ነው የመሰለኝ።

ልክ ነበርኩ። ከከበረ ክቡር፣ ከሰወረ ስውር እንደሚወጣ ሁሉ ከሸጎጠም ሽጉጥ ይወጣል፤ ቅርጹ አንድ ነው። ስሙ ስለ ብረቱ፣ ስለ እሳቱ ወይም ስለ ሠሪው ምንም አይናገርም። ዕቃው ከሰው ገላ ላይ የት እንደሚውል ብቻ ይነግረናል። አውሮፓውያኑ «ፒስቶል» ሲሉ ያዩት ሌላ ነው፤ ብዙ የሥርወ ቃል አጥኚዎች ቃሉን ከቼክኛው «ፒሽታላ» ያመጡታል፤ ፒሽታላ ቧንቧ ወይም ዋሽንት ማለት ነው። እነርሱ የዕቃውን ቅርጽ አዩ፣ አማርኛ ደግሞ የያዡን ወገብ አየ።

ይህን ሁሉ እንደገና እንዳስብ ያደረገኝ የአክስቴ ልጅ ነው። ጀርመን አገር ይኖራል፤ እዚያ የተኩስ ክለብ ገብቶ ለውድድር የሚሆነውን የአየር ሽጉጥ ክፍል በክፍል እየመረጠ ያስገጣጥማል። አንድ ማታ ደወለልኝ። «ወንድም ጋሼ፣ የየክፍሉን ስም በአማርኛ ጻፍልኝ፤ ለአባባ ላስረዳው» አለኝ። አባቱ ያሉት ኪራሙ ነው። ኪራሙ በምሥራቅ ወለጋ፣ ከነቀምቴ ወደ ሰሜን፣ መሬቱ ወደ ዓባይ መውረድ ከሚጀምርበት አቅራቢያ ያለች ወረዳ ናት፤ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የተኩስ ድምፅ ስንቱን ከቤቱ አስወጥቶታል። እዚያ ለተቀመጠ አባት «ልጅህ ሽጉጥ ገዛ» የሚል ወሬ ሲደርሰው ምን እንደሚሰማው ማንም ያውቃል። ስለዚህ ሥራው የመዝገበ ቃላት ሥራ ብቻ አልነበረም። አባትን የማያስደነግጥ ቃል ማግኘት ነበረብኝ።

የመጀመሪያው ችግር ስሙ ራሱ ነው። በዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ መሠረት የ10 ሜትሩ የአየር ሽጉጥ 420 ሚሊ ሜትር ርዝመት፣ 200 ሚሊ ሜትር ቁመትና 50 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ሣጥን ውስጥ መግባት አለበት፤ ክብደቱም ከ1,500 ግራም መብለጥ የለበትም። ከነክንፋም እጀታው ክንድ የሚያህል ነገር ነው። የትኛው ቀበቶ፣ የትኛው መቀነት ይሸጉጠዋል? ተሸካሚው በሣጥን ይዞት ይሄዳል፣ በሣጥን ይመልሰዋል። እንግዲህ የውድድር ሽጉጥ የማይሸጎጥ ሽጉጥ ነው። ይህን ለአባቱ፣ ለአጎቴ፣ እንዲነግራቸው ለልጁ በመጀመሪያ ጻፍኩለት፤ ከሁሉ በላይ የሚያረጋጋቸው ይህ ይሆናል ብዬ አምኛለሁ።

«ታዲያ ጠመንጃ ልበለው?» አለኝ። ይህም ቃል ረጅም መንገድ የመጣ ነው። ጠመንጃ፣ አንዳንዶች እንደሚሉትም ጠበንጃ፣ የቱርኩ «ታባንጃ» ነው፤ ዐረብኛውም «ጠበንጃ» ይለዋል። የሚገርመው በሁለቱም ቋንቋ ቃሉ የሚጠራው አጭሩን፣ በአንድ እጅ የሚያዘውን መሣሪያ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ያለ ልዩ መነጽር ተኩሶ በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ድብልቅ ውድድር ከጓደኛው ጋር የብር ሜዳሊያ ያገኘው ቱርካዊ ዩሱፍ ዲኬች ፎቶው ዓለምን ዞሯል። በአገሩ ቋንቋ በእጁ የያዘው ታባንጃ ነው። እኛ ዘንድ ግን ቃሉ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሲመጣ ከረጅሙ መሣሪያ ጋር ተጋባ። አጭሩ ዘግይቶ በብዛት ሲመጣ ስሙ ተይዞ አገኘውና አማርኛ ከገዛ ግሱ «ሽጉጥ»ን አወጣለት፤ የሁለቱን ቃላት መለያየት የማየው እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ክፍሎቹ ልግባ። የአክስቴ ልጅ ከሁሉ በላይ ጊዜና ገንዘብ ያጠፋው መያዣው ላይ ነው፤ ለእሱም «እጀታ» የሚለውን ሰጠሁት። እጀታ ከእጅ የመጣ ነው፤ የመጥረቢያም፣ የቢላዋም እጀታ አለ። ኪራሙ ላይ እጀታ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የባለቤቱን እጅ ያያል። የውድድር ሽጉጥ እጀታም እንዲሁ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከዋልነት እንጨት ይቀረጻል፤ ተኳሹ መዳፉን እያሳረፈ፣ የሚተርፈውን እየሞረደ፣ የሚጎድለውን በሙጫ እየሞላ ከገዛ እጁ ጋር ያስማማዋል። ከታች የመዳፍ ማሳረፊያ አለው። ደንቡ ግን አንድ ነገር አጥብቆ ይከለክላል፦ እጀታው አልፎ የእጅ አንጓን መደገፍ አይችልም፤ አንጓው ነፃ ሆኖ መታየት አለበት። እንዲህ ከአንድ ሰው እጅ ጋር የተስማማውን እጀታ ሌላ ሰው ቢያነሣው አይመቸውም። በጣም የሚያስደስተኝ ይህ ነው፤ እጀታ የሚለው ቃል ከእጅ መውጣቱ በዚህ ዕቃ ላይ ቃል በቃል እውነት ሆኗል።

ግራኝ የሆነ ተኳሽ ደግሞ የግራ እጀታ ያስፈልገዋል። ሃንጋሪያዊው ካሮይ ታካች እ.ኤ.አ. በ1938 በውትድርና ልምምድ ላይ ቦምብ ቀኝ እጁን ጎዳበት፤ በግራ እጁ መተኮስ ተማረ፤ በ1948 ለንደን፣ በ1952 ሄልሲንኪ በፈጣን ተኩስ ወርቅ አገኘ። ለእኛ ግን «ግራኝ» ሲባል ወዲያው የሚታወሰው ኢማም አሕመድ ነው። ለጦሩ ከኦቶማን ቱርኮች ጠመንጃ የያዙ ወታደሮችን ያስመጣው እሱ ነው፤ ከወዲህም እ.ኤ.አ. በ1541 ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ 400 ያህል ፖርቱጋላውያንን ይዞ በምጽዋ ገባ። የጦር መሣሪያ ቃላችን በዚያ ዘመን አካባቢ ምን ያህል እንደ ሰፋ አስቡት።

ግራን ካነሣሁ አንድ ወጥመድ ላሳያችሁ። ውጅግራ የሚባለውን የድሮ ጠመንጃ ስም ሰምተው «ግራ» ያለበት በግራ ትከሻ ስለሚያዝ ነው የሚሉ አጋጥመውኛል። አይደለም። «ፉዚል ግራ» የሚለው ፈረንሳይኛ ነው፤ ፉዚል ጠመንጃ፣ ግራ ደግሞ እ.ኤ.አ. የ1874ቱን ሞዴል የነደፈው ባዚል ግራ ስም ነው። በዚሁ መንገድ እንግሊዞች መቅደላ ይዘውት የመጡት ስናይደር ሰናድር ሆነ፤ የቤልጅግ ፋብሪካ የሠራው ሞዘርም ቤልጅግ ተብሎ ቀረ። ያኔ ለየመሣሪያው የሰጠነው ስም የሠሪው ወይም የአገሩ ነበር። ለክፍሎቹ ግን ከገላና ከቤት ቃል አወጣን፤ ልዩነቱ ልብ ሊባል ይገባዋል።

ምላጭን ውሰዱ። ጣት የሚስበው ክፍል ምላጭ ነው፤ ቃሉ ላጨ ከሚለው ግስ የወጣ የመላጫ ስም ነው። እንዲህ የተባለው ብረቱ ቀጭንና ጎበጥ ያለ ስለሆነ ይመስለኛል። ለውድድር ሽጉጥ ከዚህ የተሻለ ቃል የለም። በ10 ሜትሩ የአየር ሽጉጥ ምላጩን ለመሳብ የሚያስፈልገው ኃይል ቢያንስ የ500 ግራም፣ በ25 ሜትሩ ደግሞ የ1,000 ግራም ክብደት መሆን አለበት፤ ዳኛ ክብደት አንጠልጥሎ ይለካዋል። የአክስቴ ልጅ በመጀመሪያ ምላጭ ሲመርጥ ክብደቱን ሳይሆን ስበቱ የት ላይ እንደሚጨርስ ነበር የሚጠይቀው፤ ሲስበው ሳይንገጫገጭ፣ ጣቱ ሳይዘል እንዲያልቅ ይፈልጋል። አጎቴ ጢም ላጭተው ስለሚያውቁ ይህ ይገባቸዋል።

ጥይት ወደ ቦታው ማስገባት «ማቀባበል» ነው። ይህም ተቀበለ ከሚለው ግስ ነው፤ እንግዳ አቀባበል የምንለውም ከዚያው። ጠመንጃው እንግዳ እንዲቀበል ማድረግ ማለት ነው። የጥይት ማኖሪያውን ደግሞ ካዝና እንለዋለን። በ25 ሜትሩ ውድድር አምስት አምስት ጥይት ይሞላበታል፤ በ10 ሜትሩ አያስፈልግም። ካዝና ከዐረብኛው «ኸዘነ» (አከማቸ) የመጣ ነው፤ በጣልያንኛ በኩል የገባው መጋዘንም ከዚያው ሥር ነው። እህል የሚቀመጥበት መጋዘንና ጥይት የሚቀመጥበት ካዝና ወንድማማቾች ናቸው።

ሌላ እንዲህ ያለ ጥንድ አለ፤ እሱን ለአጎቴ መንገር እወዳለሁ። ነፍጥ ከዐረብኛው «ነፍጥ» ነው፤ መጀመሪያ ከምድር የሚወጣ ዘይት፣ ከዚያ በጦርነት የሚወረወር እሳት፣ ኋላም ባሩድና ጠመንጃ ሆነ። ከነቀምቴ ወደ ኪራሙ የሚመጣው የጭነት መኪና የሚቀዳው ናፍጣም በጣልያንኛ «ናፍታ» በኩል የመጣ ያው ቃል ነው። አንዱ በጦር፣ ሌላው በመኪና ገባ።

ከሁሉ የከበደኝ ማነጣጠሪያው ነበር፤ ከዕቃው ይልቅ ግሱ። ዒላማና ዓላማ ምልክት ከሚለው ከዐረብኛው «ዐላማ» ጋር አንድ ናቸው፤ አልሞ ተኳሽ የምንለውም ከዚሁ ዐለመ ነው። ሕልም ማየት ደግሞ ሐለመ ነው። በጽሑፍ ይለያያሉ፤ በአፍ ግን አንድ ናቸው። የ10 ሜትሩ ዒላማ መሐል፣ 10 ነጥብ የሚሰጠው ክብ፣ ስፋቱ 11.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከሸሚዝ ቁልፍ አይበልጥም። ልጁ በየማታው ክንዱን ዘርግቶ ይህን ያክል ነገር ያልማል። አባቱ «ያልማል» የሚለውን ሲሰሙ የትኛውን እንደሚሰሙ አላውቅም፤ ሁለቱንም ቢሰሙ ግን ስሕተት አይደለም።

በመጨረሻ «ተኩስ»ን ምን እናድርገው? ተኮሰ ማለት በእሳት ነካ፣ አጋለ ማለት ነው። ልብስ በካውያ ይተኮሳል፤ የታመመ ከብት በጋለ ብረት ይተኮሳል፤ ትኩስ እንጀራ፣ የበሽታ ትኩሳት ሁሉ ከዚያ ናቸው። የድሮው ጠመንጃ የሚፈነዳው የተለኮሰ ክር ባሩዱን ሲነካው ስለነበር ግሱ በቀጥታ የዕቃውን አሠራር ይናገር ነበር። የአየር ሽጉጥ ግን እሳት የለውም፤ ባሩድም የለውም። በታመቀ አየር 4.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላትን ትንሽ የእርሳስ ፍሬ ይገፋል፤ ያ ብቻ ነው። ነፍጥ የሌለበት ነፍጥ፣ ሳይተኮስ የሚተኮስ፣ ሳይሸጎጥ ሽጉጥ የሚባል። ቃላቱን ከነድሮ ትርጉማቸው ብንይዛቸው አንዱም አይመጥነውም፤ ሆኖም ሌላ ስም አያስፈልገውም አልኩት።

ፍሬዋን ምን ልበላት ብሎ ሲጠይቀኝ ግን ሁለት ቋንቋ ከሚነገርበት ቤታችን መልስ አገኘሁ። በአፋን ኦሮሞ ጥይት «ረሳሳ» ነው፤ የዐረብኛው «ረሷስ» ነው፣ እርሳስ የተባለው ከባድና ለስላሳ ብረት። አማርኛውም እርሳስ ከዚያው ነው፤ ነገር ግን እኛ ለተማሪ መጻፊያም አደረግነው። ግራፋይትና ሸክላ ብቻ ያለበት፣ የእርሳስ ብናኝ እንኳ የሌለበት ነገር ዛሬም እርሳስ ይባላል። ፍሬዋ ግን እውነተኛ እርሳስ ናት። ኪራሙ ትምህርት ቤት እያለሁ አንዱ ልጅ ለሌላው «እርሳስ አበድረኝ» ሲለው፣ ኦሮምኛ የሚያውቀው ጎረቤቱ ዘወር ብሎ ያየዋል፤ ሌላ ነገር የጠየቀው መስሎት። ኋላ የተቀረጸ እንጨት በእጁ ያያል፣ ጽሑፉንም ይቀጥላል።