ኮሌራን ቀድሞ የሚያየው ጎረቤት ነው

እዚህ ካኩማ የብሎካችን የጤና በጎ ፈቃደኛ ነኝ። ድንበር ላይ የሚደረገው ምርመራ ኮሌራን (አገር ቤት አተት የምንለውን) ሁሉ አይዝም፤ ምልክቱ ከጥቂት ሰዓት እስከ 5 ቀን ይዘገያል፣ ጭራሽ የማይታመምም አለ። ስለዚህ ቀድሞ የሚያየው ጎረቤት ነው።

አንዲት እናት ሰው ይሸሸኛል ብላ ልጇን ቀኑን ሙሉ ደበቀችው። ክሊኒክ ሲደርስ ዓይኑ ጎድጉዶ ነበር፤ እግዜር ይመስገን ተረፈ። አልፈርድባትም፣ እኛም እኮ እንሸሻለን።

የሩዝ እጣቢ የመሰለ ተቅማጥ ካያችሁ ወዲያው ንገሩን። ኦአርኤስ ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ማንኪያ ጨው፣ ልሙጥ አድርጋችሁ በጥብጡ፤ ወደ ክሊኒክ እየሄዳችሁ ቶሎ ቶሎ አጠጡ። ጨው አይብዛ፣ ይጎዳል።