የመስክ ምርምር ልምምድ በብርሃነ ኮንትር ደን

የመስክ ምርምር ልምምድ የሥነ ምህዳርና የዝግመተ ለውጥ ተማሪዎች ከተመራማሪ ጋር መስክ ወርደው የሚሠለጥኑበት ትምህርት ነው። በቤንች ሸኮ ዞን የሚገኘው የብርሃነ ኮንትር (ሸኮ) ደን የዓረቢካ ቡና በተፈጥሮ የሚበቅልበት በመሆኑ ለዚህ ሥራ ጠቃሚ ስፍራ ነው። ፈይራ ሰንበታ በ2006 እ.ኤ.አ. በቦን ዩኒቨርሲቲ ባጠናቀቁት የዶክትሬት ጥናት ይህን ደን ከቦንጋ፣ ከያዩና ከሐረና ደኖች ጋር አነጻጽረዋል።

ሠልጣኝ የናሙና ቦታ ይከልላል፤ የዛፎችን ውፍረት ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ይለካል፤ ችግኝ ይቆጥራል፤ ቅጠልና አበባ በጋዜጣ መካከል ያደርቃል። የዕፅዋቱን የአካባቢ መጠሪያ ከሸኮ አርሶ አደሮች ይማራል። ለቡና ሲባል ቁጥቋጦው ሲመነጠር የዛፍ ችግኞችም አብረው ስለሚጠፉ፣ የችግኝ ቆጠራው የደኑን መጪ ዕጣ ያመለክታል።