ቀጭኑ የሃባና ሲጋርና የጣዕሙ ታሪክ

ባርቶሎሜ ዴ ላስ ካሳስ የተባለው የስፔን መነኩሴ የምዕራብ ሕንድ ደሴቶችን ታሪክ በተረከበት ታላቅ መጽሐፉ ውስጥ፥ በሂስፓንዮላ የሰፈሩት ስፔናውያን ከአገሬው ተወላጆች የወረሱትን ጢስ የመሳብ ልማድ ገልጾ፥ ስለዚሁ ነውር በተገሠጹ ጊዜ መተው ከዐቅማቸው በላይ መሆኑን እንደ መለሱ ይናገራል። ምን ጣዕም ወይም ምን ጥቅም እንዳገኙበት ለእርሱ አልተገለጠለትም። መነኩሴው ይህን ያለው ለመንቀፍ እንጂ መልስ ለመሻት አልነበረም፤ ሆኖም ስለ ሲጋር ጣዕም ከተጻፉት ቃላት ከቀደሙት አንዱ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ የተሰጡት መልሶች አብዛኛዎቹ የአጫሹን ምላስ ያመሰግናሉ። ታሪኩን ለመረመረ ግን ጣዕሙ አስቀድሞ የሚወሰነው በቅጠሉ መጠንና በሚጠቀልለው ሠራተኛ እጅ ሲሆን፥ ይህም ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በቀጭኑ ሲጋር ላይ ነው።

በአማርኛ ሲጋራ የሚባለው በወረቀት የተጠቀለለው ነው። ሲጋር ግን ከውስጥ እስከ ውጭ ቅጠል ብቻ ነው። ከሲጋርም ወገን ኩባውያን ላንሴሮ፥ ማለት ባለ ጦር ፈረሰኛ፥ ብለው የሚጠሩት ርዝመቱ 192 ሚሊሜትር፥ የወገቡ ውፍረት 15 ሚሊሜትር ያህል ነው። ነጋዴዎች ውፍረትን የሚለኩት የአንድ ኢንች 64ኛ ክፍልን መስፈሪያ አድርገው ስለ ሆነ፥ ላንሴሮ ባለ 38 ይባላል።

በኖቬምበር 1492 (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ክሪስቶፎር ኮሎምቦስ ኩባ በደረሰ ጊዜ የእስያ ታላቅ ንጉሥ በአቅራቢያው ያለ ስለ መሰለው፥ ሁለት መልእክተኞች ወደ ውስጥ አገር ላከ። አንደኛው ሉዊስ ዴ ቶሬስ ዕብራይስጥና አራማይስጥ ጥቂትም ዐረብኛ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ የሴም ቋንቋዎች አሜሪካን ምድር የረገጡት እንግዲህ በዚህ አኳኋን ነው። ዕብራይስጡ ለምንም አልጠቀመውም። ነገር ግን እርሱና ጓደኛው ሮድሪጎ ዴ ኼሬስ በመንገድ ላይ ወንዶችና ሴቶች የሚጤስ ቅጠል በእጃቸው ይዘው ሲሄዱ አይተው ተመለሱ። ስለ ነገሩ ስም የጥንቶቹ ጸሐፊዎች አይስማሙም። ላስ ካሳስ ታባኮ የሚባለው የተጠቀለለው ቅጠል ራሱ ነው ሲል፥ ጎንሳሎ ፈርናንዴስ ዴ ኦቪዬዶ ግን ጢሱ በአፍንጫ የሚሳብበት ባለ ሁለት ቀንድ ቧንቧ ነው ይላል። የአማርኛው ትምባሆም የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። ከታይኖ ሕዝብ ጋር የኖረው ራሞን ፓኔ የተባለው መነኩሴ ደግሞ ቤሂኬ የሚባሉት ጠንቋይ ሐኪሞች ኮሆባ የተባለ ዱቄት በአፍንጫቸው ስበው ከመናፍስት ጋር ይነጋገሩ እንደ ነበር ጽፏል። ኮሆባ ከሌላ ዛፍ ፍሬ የሚገኝ ስለ ሆነ ከትምባሆ ጋር አንድ አይደለም፤ ኮሂባ ከሚለው ቃል ጋር ስላመሳሰሉት ግን ከኋላ የመጡ ጸሐፊዎች ብዙ ተሳስተዋል። ኮሂባና ቤሂኬ የሚሉት ስሞች ከአራት መቶ ዓመታት በላይ ቆይተው በንግድ ሣጥን ላይ ተመልሰው ይገኛሉ።

ታይኖዎች በበሽታና በግፍ ሥራ ካለቁ በኋላ ቅጠሉን የወረሱት ድኾች የስፔን ገበሬዎችና አፍሪካውያን ባሮች ነበሩ። በ1717 የስፔን መንግሥት የኩባን ትምባሆ በሞኖፖል ያዘ፤ ገበሬዎቹም ደጋግመው ዐመፁ፥ በ1723 በተነሣው ዐመፅም የተያዙት ተገደሉ። ሞኖፖሉ የተሻረው በ1817 ሲሆን፥ የሃባና የሲጋር ቤቶች የበለጸጉት ከዚያ በኋላ ነው። ከሁሉ የተመረጠው ቅጠል የሚበቅለው በምዕራብ ኩባ ቩዌልታ አባኾ በሚባለው አውራጃ፥ ይልቁንም በሳን ሉዊስና በሳን ኹዋን ኢ ማርቲኔስ ዙሪያ ነው። ኩባዊው ሊቅ ፈርናንዶ ኦርቲስ በ1940 ባሳተመውና ብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪ መግቢያ በጻፈለት መጽሐፉ ትምባሆንና ስኳርን እንደ ሁለት ተከራካሪዎች አቁሞ፥ ስኳር መኪናንና ብዛትን፥ ትምባሆ ግን የአንድ ሰው እጅንና ጥንቃቄን እንደሚሻ አስረድቷል። ኦርቲስ በንጽጽሩ እጅግ ርቆ ሄዷል የሚሉ አሉ፤ ስለ ቀጭኑ ሲጋር ከሆነ ግን የተናገረው ይበዛ እንደ ሆነ እንጂ ሐሰት አይደለም።

ሲጋር ሦስት ክፍል አለው። ውጫዊው ካፓ፥ ማለት ካባ ነው፤ ከሥሩ ያለው ካፖቴ፥ ካፖርት እንደ ማለት፥ ውስጡን ጠቅልሎ የሚይዘው ነው፤ ውስጡም ትሪፓ፥ ማለት አንጀት ይባላል። ለአንጀቱ የሚገቡት ቅጠሎች በተክሉ ላይ እንደ ነበሩበት ከፍታ ይለያያሉ። ከታች የሚለቀመው ቮላዶ እሳት ለመያዝ፥ ከመካከል ያለው ሴኮ ለመዓዛ፥ ፀሐይ የጠገበው የላዩ ሊኼሮ ለብርታት ነው። ሊኼሮ ወፍራምና ቀስ ብሎ የሚነድ ስለ ሆነ በመካከል ካልተቀመጠ እሳቱ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ካባው ግን ስስና ለስላሳ እንዲሆን በስስ ጨርቅ ጥላ ሥር የሚያድግ ቅጠል ነው። ካባው ለጣዕሙ የሚያዋጣው ምን ያህል እንደ ሆነ አዋቂዎች ይከራከራሉ፤ ድርሻው ግን በሒሳብ ይታወቃል። የክብ ነገር ዙሪያ ለውስጡ ስፋት ሲነጻጸር ውፍረቱ በቀነሰ ቁጥር ይበልጣል፤ ስለዚህ ባለ 38ቱ ሲጋር ባለ 54ቱን በካባ ድርሻ 40 በመቶ ያህል ይበልጠዋል። በወፍራሙ ሲጋር ውስጥ የአንድ ቅጠል ጉድለት በሌሎቹ ብዛት ይሸፈናል። በቀጭኑ ግን መሸሸጊያ የለም።

ስለዚህም ቀጭን ሲጋር መጠቅለል ከባድ ሥራ ነው። ሠራተኛው ቅጠሎቹን በመዳፉ ውስጥ እያጠፈ ሲደርድር ከጫፍ እስከ ጫፍ ጢስ የሚያልፍበት ቀዳዳ መተው አለበት። በ192 ሚሊሜትር ርዝመት ላይ በአንድ ስፍራ ብቻ ቢጠብቅ ሲጋሩ ይታፈናል፤ ቢላላ ደግሞ ይግላል፥ ጢሱም ይመራል። ከዚያ በኋላ ካባውን ቻቬታ በሚባል እጀታ በሌለው ቢላዋ ቆርጦ ያለብሰዋል፥ ራሱንም በዕፅ ሙጫ ይዘጋል። በላንሴሮ ራስ ላይ የካባው ጫፍ ተጠምዝዞ እንደ ትንሽ ጅራት ይቀራል። በሁለት ሺህዎቹ መጀመሪያ የጢሱን መተላለፊያ የሚለካ መሣሪያ ወደ ኩባ ፋብሪካዎች የገባው የታፈኑ ሲጋሮች በዝተው ገዥዎች ስላማረሩ ነው። መሣሪያው ስሕተቱን ይናገራል እንጂ አያርምም።

የአቀማመሱ ሥርዐት ከዚህ ይከተላል። አጣጣሚው ጅራቱን በጥቂቱ ከቆረጠ በኋላ ሳይለኩስ አንድ ጊዜ ስቦ የቅጠሉን ጣዕምና የመተላለፊያውን ሁኔታ ይመረምራል። እሳቱን በእግሩ ዙሪያ አዙሮ ይለኩሳል፥ ከዚያም በደቂቃ አንድ ጊዜ ያህል ይስባል፤ ቀጭን ሲጋር ቶሎ ስለሚግል ችኮላን አይታገሥም። ጢሱ ወደ ሳንባ አይገባም፥ በአፍ ተይዞ ከፊሉ በአፍንጫ ይወጣል። በደቡብ ኢትዮጵያ የጋያን አጠጣጥ ያየ ሰው ልዩነቱን በቀላሉ ያስተውላል። በጋያ ጢሱን የሚያበርደው በቅሉ ውስጥ ያለው ውሃ ሲሆን፥ በላንሴሮ ይህን ሥራ የሚሠራው ርዝመቱ ነው። በሃባና ፋብሪካዎች ያሉ ቀማሾች የሚመዝኑት የጢሱን አሳሳብ፥ የእሳቱን አነዳደድ፥ ብርታቱን፥ መዓዛውንና ጣዕሙን ነው። ፈረንሳዮች ደግሞ ሲጋርን በሦስት ይከፍሉታል፤ የመጀመሪያው ሢሶ ድርቆሽ፥ መካከለኛው መለኮታዊ፥ የመጨረሻው የፋንድያ እዣት ነው ይላሉ። ይህ አባባል ከብዙ የጣዕም መዝገበ ቃላት ይሻላል፥ ጣዕም በአንድ ስፍራ የቆመ ነገር ሳይሆን ቅባትና ሙቀት በተጠራቀመ መጠን የሚለወጥ መሆኑን ስለሚያስታውቅ። ባለመዋጡ ጉዳት የለውም የሚለው አሮጌ ማጽናኛ ግን ፈርሷል። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም በ1998 ባወጣው ጥናት ሲጋር የአፍ፥ የጉሮሮና የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ ተረጋግጧል። ትምባሆን ይጸየፉ የነበሩት የኢትዮጵያ ካህናትና ማጨስን በዐዋጅ የከለከሉት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ይህን ሳይንስ ሳይጠብቁ ነው የፈረዱት።

ላንሴሮ ታላቅ ስም ያገኘው ከዐብዮቱ በኋላ ነው። እንደሚተረከው፥ ከፊደል ካስትሮ ጠባቂዎች አንዱ ኤድዋርዶ ሪቬራ የተባለ ወዳጁ ለራሱ የሚጠቀልለውን ቀጭን ሲጋር ሲያጨስ ካስትሮ መዓዛውን ወደደውና ሪቬራን አስጠራው። በ1966 ኮሂባ የሚል ስም ተሰጠው። የሚሠራውም ከሃባና ወጣ ብሎ ኤል ላጊቶ በሚባል፥ አስቀድሞ የአንድ ባለጸጋ መኖሪያ በነበረ ሰፊ ቤት ውስጥ ነበር። እዚያ ሙያውን የተማሩትና ለብዙ ዓመታት የጠቀለሉት ሴቶች ናቸው፤ በ1994 ኤሚልያ ታማዮ የቤቱ የመጀመሪያ ሴት ሥራ አስኪያጅ ሆነች። የሴኮና የሊኼሮ ቅጠሎች በበርሜል ሦስተኛ ጊዜ እንዲብላሉ መደረጉ ለሲጋሩ የተለየ ልስላሴ ሰጠው። እስከ 1982 ድረስ ግን ኮሂባ በገበያ አልተሸጠም፤ ለውጭ አገር መሪዎችና አምባሳደሮች የሚሰጥ የመንግሥት ስጦታ ነበር። እንግዲህ ለአሥራ ስድስት ዓመታት ጣዕሙን ያወቁት ሦስት ወገኖች ብቻ ናቸው፤ መሪዎቹ፥ እንግዶቻቸውና ጠቅላዮቹ። ዝናውን ያሰራጩት ሁለተኞቹ ናቸው። የስጦታ ክብር ከጣዕም ክብር ጋር የተደባለቀውም በዚህ ጊዜ ነው፤ ሁለቱን ለይቶ የሚጽፍ አዋቂ ዛሬም ጥቂት ነው።

በኪየቭ ተወልዶ በጄኔቭ የነገደው ዚኖ ዳቪዶፍ በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሱ ስፍራ አለው። በስልሳዎቹ መጨረሻ በስሙ የተሠሩት ሲጋሮች ከኤል ላጊቶ የሚወጡ፥ በልካቸውም ከኮሂባ ጋር እኩል ነበሩ፤ ቁጥር 1 የተባለው ያው 192 በ38 ነው። በኋላ ከኩባ ድርጅት ጋር ስለ ጥራት ተጣልቶ በ1989 ከ130,000 በላይ ሲጋር በአደባባይ አቃጠለ፥ ሥራውንም ወደ ዶሚኒካ ሪፑብሊክ አዛወረ። በ1992 ደግሞ ሲጋር አፊሲዮናዶ የሚባል መጽሔት በኒውዮርክ ተመሥርቶ፥ እንደ ወይን ጠጅ ሁሉ ለሲጋርም ከመቶ ነጥብ ይሰጥ ጀመር። ከ1962 ጀምሮ የኩባ ዕቃ እንዳይገባ በተከለከለበት አገር የኩባ ሲጋር በነጥብ መመዘኑ የሚያስገርም ነው። ቆዳ፥ ቡና፥ ማር፥ ዝግባ የሚሉት የጣዕም ቃላት ወደ ተራ አጫሹ የደረሱት በዚህ መንገድ ሲሆን፥ ከቃላቱ መካከል ስለ አጠቃለል የሚናገሩት እጅግ ጥቂት ናቸው።

ገበያው ከዚያ ወዲህ ወደ ወፍራሙ አዘነበለ። በ1998 ትሪኒዳድ የተባለው የስጦታ ሲጋር ለሽያጭ ሲወጣ ቀጭንነቱን ሳይለቅ 192 በ40 ነበር። በ2010 ግን ኮሂባ ከሁሉ የሚወደደውን ሲጋሩን ሲያወጣ ልኩ 52፥ 54 እና 56 ሆነ፤ ስሙንም ቤሂኬ አለው። ወፍራሙ ሲጋር ሲቸኩሉበት ይታገሣል፥ ለጀማሪ አጫሽም ይመቻል፥ ለመጠቅለልም እንደ ቀጭኑ አያስቸግርም፤ ስለዚህ የገበያው ምርጫ ያለ ምክንያት አይደለም። በኩባ ፋብሪካ ጠቅላዮች እየሠሩ እንዲያጨሱ ይፈቀድላቸዋል። ላንሴሮ የምትጠቀልል ሴት የጢሱን አሳሳብ የምታውቀው ቀማሾቹ ሳይነግሯት ነው፤ ሥራው ለእርሷ መሰል እጆች የሚሰጠው ግን የሚገዛው እስካለ ድረስ ብቻ ነው።