ህንዶች የመለሱት ስጦታ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የማወጋችሁ ስለ አንድ ስጦታ ነው። ሰጪው ከዓለም ባለጸጎች አንዱ፣ ተቀባዩ ከቢሊዮን በላይ ሕዝብ፣ ስጦታው ደግሞ ነጻ ኢንተርኔት። ህንዶች ግን “ይቅርብን” ብለው መለሱት። ለምን እንደመለሱት ከስሩ ልጀምርላችሁ፤ ዓመቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እየቆጠርኩ።

በ2014 ማብቂያ ላይ ነው። ኤርቴል የተባለው የህንድ ትልቅ የሞባይል ኩባንያ ደንበኞቹን “በስካይፕና በቫይበር ስትደዋወሉ ተጨማሪ ትከፍላላችሁ” አላቸው። ሰዉ ተቆጣ። ዳታውን እኔ ገዝቼዋለሁ፣ ለምን እንደማውለው ኩባንያውን ምን አገባው? አለ። ኤርቴል ቁጣውን አይቶ በቀናት ውስጥ ሐሳቡን አነሳ። ያ እንግዲህ ማሟሻው ነበር።

በፌብሩዋሪ 2015 ፌስቡክ መጣ። ሪላያንስ ኮሙኒኬሽንስ ከሚባል ኩባንያ ጋር ተዋውሎ ኢንተርኔት ዶት ኦርግ ያለውን አገልግሎት በስድስት ግዛቶች ከፈተ። የሪላያንስ ሲም ያለው ሰው ካርድ ሳይሞላ አርባ የማይሞሉ ድረ ገጾችን ይጎበኛል። ፌስቡክ ራሱ አለበት፤ ዩቲዩብ የለበትም። በኤፕሪል ደግሞ ኤርቴል “ኤርቴል ዜሮ” ይዞ ብቅ አለ። በዚህኛው የተጠቃሚውን የዳታ ሒሳብ የሚከፍለው የመተግበሪያው ባለቤት ነው።

“ታዲያ ምን ክፋት አለው?” ትሉኝ ይሆናል። ብዙ ህንዶችም እንደዚያው ብለው ነበር። ግን ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ ኬላ የያዘ ሰው አስቡ። ወደ አንዱ ሱቅ የሚሄደውን በነጻ፣ ወደ ሌላው የሚሄደውን በቀረጥ ቢያሳልፍ፣ ገበያው የማን ሆነ? ባንጋሎር ላይ ሁለት ወጣቶች ድንቅ መተግበሪያ ቢሠሩ፣ ባለገንዘቡ ተወዳዳሪያቸው ደግሞ የደንበኛውን ዳታ ቢከፍል፣ ኪሱ ባዶ የሆነው ሰው የማንን ይከፍታል? ክርክሩ ሁሉ በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው፤ የኢንተርኔት ገለልተኝነት የሚባለውም ይኸው ነው። መንገዱን የዘረጋው ኩባንያ በመንገዱ የሚያልፈውን አያበላልጥ።

የአገሪቱ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን፣ በአጭር ስሙ ትራይ፣ በዚያው ዓመት በማርች መጨረሻ ላይ “የሕዝብ አስተያየት እፈልጋለሁ” ብሎ አንድ ሰነድ አውጥቶ ነበር። 118 ገጽ፣ ሃያ ጥያቄ! ቋንቋው የቢሮ ቋንቋ፣ ቀነ ገደቡ ከአንድ ወር የማይሞላ። እንዲህ ያለ ሰነድ እንደ ልማዱ የኩባንያ ጠበቆች ብቻ አንብበውት ያልፋል።

ይኼኛው አላለፈም። ኒኪል ፓህዋ የተባለ ጋዜጠኛ፣ ጠበቆች፣ ፕሮግራም ሠሪዎችም ሆነው በፈቃደኝነት ተሰባሰቡ። ሰነዱን አነበቡ፣ ጥያቄዎቹን ተራ ሰው በሚገባው ቋንቋ አስቀመጡ፣ መልስ አዘጋጁ፣ “ኢንተርኔትን እናድን” በሚል ስም ድረ ገጽ ከፈቱ። ማንም ገብቶ መልሱን እንደፈለገ አስተካክሎ በቀጥታ ለትራይ ይልካል። ኤአይቢ የሚባሉ ኮሜዲያን ደግሞ ጉዳዩን በቀልድ አዋዝተው በቪዲዮ ለቀቁት። ከዚያ በኋላ የትራይን የኢሜይል ሳጥን ማን ይቻለው! ከአንድ ሚሊዮን በላይ መልእክት ገባ። የኢንተርኔት ሱቁ ፍሊፕካርት ከኤርቴል ዜሮ ድርድር ወጣ፤ የጉዞ ድረ ገጹ ክሊርትሪፕ ከፌስቡኩ አገልግሎት ወጣ። ትራይም በበኩሉ መልእክቶቹን ከነላኪዎቹ የኢሜይል አድራሻ አደባባይ ላይ ዘርግፎ ሌላ ቁጣ ቀሰቀሰ።

ፌስቡክ ግን በቀላሉ የሚረታ አልነበረም። የአገልግሎቱን ስም “ፍሪ ቤዚክስ” ብሎ ቀየረ። በዲሴምበር ትራይ በዳታ ዋጋ ማበላለጥ ላይ አራት ጥያቄ ይዞ ሲመለስ፣ ኩባንያው የጋዜጦችን ሙሉ ገጽ በማስታወቂያ ሞላ። ተጠቃሚዎቹንም በራሱ መድረክ ላይ “ይህን ተጫኑና ለትራይ ላኩ” አላቸው። የፌስቡክ መሥራች ማርክ ዙከርበርግ ታይምስ ኦቭ ኢንዲያ ጋዜጣ ላይ ጽፎ አገልግሎቱን ከቤተ መጻሕፍትና ከሕዝብ ሆስፒታል ጋር አመሳሰለው። መጽሐፉን እየመረጠ መደርደሪያው ላይ የሚያስቀምጠው ማን እንደሆነ ግን አልተናገረም።

እዚህ ላይ ነው ጨዋታው የተለወጠው። ከፌስቡክ በኩል የጎረፈው ተመሳሳይ ደብዳቤ ፍሪ ቤዚክስን ደገፈ እንጂ የተጠየቀውን አልመለሰም። ትራይም ምክክሩን ወደ ድምፅ ቆጠራ ለወጣችሁት ብሎ ኩባንያውን ገሠጸ። በፌብሩዋሪ 8 ቀን 2016 ውሳኔው ወጣ፤ በይዘቱ እየለዩ የዳታ ዋጋ ማበላለጥ ተከለከለ። ጥፋተኛው በቀን 50,000 ሩፒ ይቀጣል፤ ጣሪያው 5 ሚሊዮን ሩፒ። የፌስቡክ የቦርድ አባል ማርክ አንድሪሰን ተናዶ፣ ፀረ ቅኝ ገዢነት ህንድን በኢኮኖሚ ጎዳት የሚል ነገር ትዊተር ላይ ጻፈና ወዲያው ይቅርታ ጠየቀ። በዚያው ሳምንት ፍሪ ቤዚክስ ከህንድ ወጣ።

“ደሃውስ?” የሚል ጠያቂ አይጠፋም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። በሴፕቴምበር 2016 ጂዮ የተባለ ኩባንያ ገበያው ውስጥ ገብቶ ለወራት በነጻ፣ ቀጥሎም እጅግ በርካሽ ሸጠ፤ ሌሎቹም ዋጋ ለመቀነስ ተገደዱ። ርካሽ ዳታውን ያመጡት ተሟጋቾቹ አይደሉም፤ ውድድር ነው። ግን ደሃው በርካሹ ዳታ የሚያገኘው ሙሉውን ኢንተርኔት ሆነ፤ ሌላ ሰው የመረጠለትን ቁራጭ አይደለም።

ታሪኩን እዚህ ላይ ባቆምኩ ደስ ባለኝ። ነገር ግን በኦገስት 2019 የህንድ መንግሥት በካሽሚር ኢንተርኔትን ቆረጠ፤ ፈጣኑ የ4ጂ አገልግሎት ሙሉ በሙሉ የተመለሰው በፌብሩዋሪ 2021 ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2020 ገደብ የሌለው መዝጋት አይፈቀድም፣ ትእዛዙም ይፋ ይውጣ ቢልም መዝጋቱ አልቀረም። በ2020 ክረምት ለሳምንታት ኢንተርኔት ተቋርጦበት የነበረ የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። ኩባንያውን ከኬላው ያስነሳ ሕዝብ መንግሥትን ከዚያው ኬላ ማስነሳት ገና ይቀረዋል።

ቢሆንም ከዚህ ወሬ የምትይዙት አንድ ነገር አለ። ያ ሁሉ ጉልበተኛ የተረታው አሰልቺ ሰነድ አንብበው፣ ለተጠየቀው ጥያቄ መልስ በጻፉ ሰዎች ነው። ነገ ረቂቅ ሕግ ወይም መመሪያ ለአስተያየት ሲቀርብላችሁ “የባለሙያ ጉዳይ ነው” ብላችሁ አትለፉት። አንብቡት፤ ያልገባውን ጎረቤታችሁን አስረዱት፤ መልሳችሁንም ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ላኩ።